ባዶዎቹ ሳጥኖች

ማክሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ ማጉረምረም በቀር ደህና ነኝ። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤ ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ፤ ማንም አልሞተም።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ከእጄ አምልጦ መስታወቱ ረገፈ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ያለችው ባልደረባዬ አዲስ አስገዝታኝ የድሮውን መልእክት ሁሉ አዛወረችልኝ።

ያለ እኔ ምርቃት ያገባሽ ጊዜ «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን እሑድ እሑድ ትጽፊልኝ ነበር፤ «አባዬ» ትይና ከጎኑ ባዶ ሳጥን፣ አንዳንዴም ሁለት። «ይቺ ልጅ ሳጥን የምታመላልሰው ልትቀብረኝ ነው?» እያልኩ እናደድ ነበር። የምትይኝ ያጣሽ መስሎኝ መልስ ነፈግኩሽ።

አዲሱን ስልክ ስከፍት ሳጥኖቹ የሉም። በቦታቸው ልብ፣ ለእቅፍ የተዘረጉ እጆች፣ የሚያለቅስ ፊት ተቀምጠዋል። «ምንድን ነው ይሄ?» ስላት ባልደረባዬ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ኢሞጂ እኮ ነው! እያንዳንዱ ሥዕል ቁጥር አለው፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚላከውም ቁጥሩ ነው። ተቀባዩ ስልክ አሮጌ ሆኖ ሥዕሉ ከሌለው ባዶ ሳጥን ያወጣል።»

አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ ለኅትመት ደርድሬያለሁ። አንዱ ፊደል ሲያልቅብን በቦታው ሌላ ገልብጠን እንተክልና ለእርማት በሚወጣው ወረቀት ላይ ጥቁር ሳጥን ሆኖ ይታያል። አራሚው «እዚህ ፊደል ጎድሏል» ይላል እንጂ «ጸሐፊው ዝም ብሏል» አይልም። እኔ ግን የገዛ ልጄን እንደዚያ አነበብኳት።

የመጨረሻው መልእክትሽ የመጣው ከአራት ወር በፊት ነው። «አባዬ፣ በግንቦት» ትያለሽ፤ ቀጥሎ ሁለት ሳጥን፤ ከዚያ «ትመጣለህ?» አንዱ ነፍሰ ጡር፣ ሌላው ሕፃን ሆነው አገኘኋቸው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ልብ ልልክልሽ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። መፈለጊያው ላይ «ልብ» ብዬ ብጽፍ ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ የተሰበረውም ተደረደረ። ጣቴ የተሰበረውን ሊነካ ሲል ለጥቂት ተረፍኩ። ደግሞስ የእኔን ስልክ ያታለለ የአንቺንም ቢያታልልስ? ብዕር ይሻላል አልኩ።

ይቅር በይኝ ልጄ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩሽም። በግንቦት እመጣለሁ፤ የሻንጣዬን አቧራ ካሁኑ አራግፌያለሁ።

እግዜር በሰላም ያገላግልሽ፤ ወልደሽ ሳሚ።

ናፋቂሽ አባትሽ፣
ፊደል ለቃሚው

ከታች ያለችው ሳጥን የስልክ ጥፋት አይደለችም። ለሚወለደው ልጅ ስም ብዬ ነው ባዶዋን የተውኳት፤ ስመጣ በእጅሽ ትሞያታለሽ።

☐