ለአንድ ቀን የተከፈተ ርዕስ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ላይ ነው። ጉዳችን አደባባይ ሲወጣ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ መንገድ አሳጣኸኝ። ስልክህን ቀየርክ። ባለፈው ዓመት ለአክስታችን ደውለህ «ደህና ነኝ» ብለህ ዘጋህ፤ በዚያ ቁጥር ብደውል ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። ደግሞም የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገርህና ሳቅብኝ። ከሦስት ወር በፊት ደንበኛችን አስተማሪዋ ያቺን ጥቁር የእግር ስፌት መኪናዋን ለጥገና ሱቃችን አመጣች። ስፌት ትዘላለች። አንተ ጆሮህን አስጠግተህ ነበር የምታስተካክላት፤ እኔ አራት ቀን ሙሉ ስፈታትና ስገጥማት ጭራሽ ባሰባት። አስተማሪዋ አዘነችልኝና «ለስፌት መኪና ጠጋኞች እኮ የኢንተርኔት መድረክ አለ፣ ለምን አትጠይቂያቸውም?» ብላ ስልኬ ላይ ከፈተችልኝ። መጠሪያ ስም ሲጠይቀኝ «እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። በቃ፣ እሱው ስሜ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ሱቁን ከፍቼ ብቻዬን ገባሁበት። ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይሉ ወደ ጥያቄ መሮጥ ነውር አይደል? «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ላክሁ። ቀጥዬ «ቤተሰብ ደህና ነው?» ከዚያ «ሥራ እንዴት ይዟችኋል?» ለካ እያንዳንዱን የምልከው «አዲስ ርዕስ» የሚለውን እየተጫንኩ ነው! በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ርዕስ ከፍቼ የሰዉን ገጽ በሰላምታ አጥለቀለቅሁት። የመኪናዋ ጥያቄ አሥራ አንደኛው ላይ ነበር። አንድም ሰው አልተቆጣኝም። አያ ዘይት የሚባሉ ሽማግሌ አሥራ አንዱንም እየዞሩ «ተመስገን ነው፣ አንቺስ?» እያሉ መለሱልኝ። የመድረኩ አስተባባሪ እትዬ መርፌ ሁሉንም አንድ ላይ ሰበሰበችና «የኔ እመቤት፣ ከእንግዲህ ‹መልስ› የሚለውን ተጫኚ» አለችኝ።

ቀስ በቀስ ለመድኩ። የሰው ቃል ጠቅሶ ከሥሩ መመለስ ተማርኩ። ፎቶ ማያያዝም ተማርኩ፤ የመጀመሪያው ፎቶ የገዛ አገጬ ነበር። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ደግሞ «አመሰግናለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። አንዴ ሲነካ ምስጋና ይሆናል፣ ሲደገም ይጠፋል። ይህን ሳላውቅ አያ ዘይትን አመሰግናለሁ ብዬ ሁለቴ ተጫንኩት። «አመስግነሽ መልሰሽ ወሰድሽብኝ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለው አሾፉብኝ። ስደነግጥ «አይዞሽ፣ የመጀመሪያው ሲነካ ወዲያው ስልኬ ነግሮኛል፤ የደረሰ ደርሷል» አሉኝ።

ከዚያ «ፈልግ» የሚለውን አስተማሩኝ። ከመጠየቅሽ በፊት ሌላ ሰው ጠይቆት እንደሆነ እዪ አሉኝ። አንዲት ብሎን ከእጄ እየወደቀች አስቸግራኝ ስለነበር «ትንሽ ብሎን» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የቆየ ርዕስ መጣ፦ «እጅ ሲንቀጠቀጥ ትንሽ ብሎን እንዴት ይያዛል?» የጠያቂው ስም «ዝም ባይ» ነው። ከሥሩ ፎቶ ነበረው። ፎቶው ላይ የሥራ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተቸነከረ የልብስ ሜትር ይታያል። ሜትሩ የሚጀምረው ከሰባት ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ከሰባት የሚጀምር ሜትር ያለው የእኛ ጠረጴዛ ብቻ ነው። እናታችን ጫፉን ቆርጣ ስትጥለው ሁለታችንም ነበርን።

የጻፍከውን እጠቅሰዋለሁ፤ ይህን ከአፍህ ሰምቼው ስለማላውቅ፦ «ሐኪም የነርቭ ነው ብሎኛል። ለእህቴ አልነገርኳትም። ብነግራት የእኔንም ሥራ ደርባ ትሸከመዋለች፤ እሷ ደግሞ ወገቧን ያማታል።»

ቀኑን አየሁት። ከዚያች ቀን ሃያ ቀን ይቀድማል። ያቺን ቀን ታውቃታለህ። ባለ መጋረጃዋ ደንበኛችን ቆማ እየጠበቀች፣ ብሎኗ ከእጅህ ሦስት ጊዜ ስትወድቅ፣ «ከመጠጥ ስትላቀቅ ትሠራዋለህ፣ አስቀምጠው!» አልኩህ። ካቻቢቴውን በቀስታ አስቀመጥክ። ኮትህን አንስተህ ወጣህ። እኔም ዝም ማለትህን እንደ እምነት ቃል ቆጥሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀየምህ ኖርኩ። ጠጥተህ አይቼህ አላውቅም። እጅህ ጠዋት ጠዋት ሲንቀጠቀጥ አየሁና ምን ሆንክ ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ ፈረድኩብህ። አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።

ከአንድ ዓመት ያለፈ ርዕስ እዚህ ይቆለፋል፤ ሰው የሞተ ወሬ እንዳይቆፍር ነው። ለእትዬ መርፌ በግል ጽፌ ሁሉንም ነገርኳት። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለአንድ ቀን ባፈርሰው ማን ይከሰኛል? ጻፊለት። ብቻ እንደ ልማድሽ አሥራ አንድ ቦታ እንዳትበታትኚው» አለችኝ። የከፈተችልኝ ዛሬ ጠዋት ነው። አናቱ ላይ «ተከታታዮች፦ አንድ» ይላል። ርዕስ የከፈተ ሰው ራሱ ካልተወው በቀር ተከታታይ ሆኖ ይቆያል፣ አዲስ ነገር ሲጻፍበትም ይደርሰዋል አሉኝ። አንተ አልተውከውም። ይህን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ «አለ!» አልኩ።

አንተ ከሄድክ በኋላ አሥራ ሰባት ሰው መልስ ጽፎልሃል። ሁሉንም አንብቤ የቻልኩትን ሠራሁ። ለእጅ አንጓህ ማሳረፊያ አሸዋ የሞላሁት ትንሽ ከረጢት ሰፋሁ፤ ብሎን እንዲይዝልህ የካቻቢቴው ጫፍ ላይ ማግኔት አደረግሁ። ፎቶውን አያይዤዋለሁ፤ ዛሬ አገጬ የለበትም። የአስተማሪዋ መኪና አሁንም ትዘላለች። አንተን እንደምጠብቅ ስነግራት «እኔም እጠብቃለሁ» ብላ ትታልኝ ሄዳለች። ጆሮህ አይንቀጠቀጥም። አንተ ትሰማለህ፣ እኔ እፈታለሁ።

መልስ ጻፍ አልልህም፤ ፊደሎቹ ትንንሽ ናቸው። ከዚህ ደብዳቤ ሥር «አመሰግናለሁ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ብቻ ንካልኝ። እጅህ ተንቀጥቅጦ ሁለቴ ነክተኸው ቢጠፋም አትጨነቅ። የመጀመሪያው ደርሶኛል።

እህትህ፣
እኔ ነኝ