የጠፋሁበትን ቦታ ትክክለኛ አድራሻ ለጠየቁኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የበረራ ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና ከመስኮትዎ የሚታየው ጥርት ያለ ሰማይ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ከገጠር ጤና ጣቢያ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ሳመላልስ የኖርሁ፣ አሁን ግን በትእዛዝዎ መሬት ላይ የተቀመጥሁ አብራሪ ነኝ። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ወር ምጥ የጠናባትን ሴት ከነባሏ ጭኜ ደመና ውስጥ እንደገባሁ ጂፒኤሱ ድርግም አለ። ቢሮዎ በዚያ ቀን የሳተላይት ምልክት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ማወቁንና ማስታወቂያውን በሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ኋላ ሰማሁ። ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ በሰዓቱ ከሦስተኛ ፎቅ ጥቂት ከፍ ብዬ ስለነበር ሳላነበው መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው። ለእኛ ለአብራሪዎች በስልክ የተነገረን ከበረራው በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይል ነበር፤ እኔ ግን ክብርዎን ስለማውቅ አልልም።

2. ሃያ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ፣ ከደመናው ሥር ወርጄ ወንዝ ለወንዝ ስንከራተት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ባልየው ከኋላዬ «ወንድሜ፣ ደረስን?» እያለ በጠየቀኝ ቁጥር «እየደረስን ነው» እያልሁ ዋሸሁት፤ የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር። እናቲቱ ተርፋለች። ሕፃኑ ግን አልጠበቀንም። እዚህ ላይ የማመሰግንዎት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

3. ከዚያ የምሞላው ቅጽ ተሰጠኝ። ተራ ቁጥር ሰባት «ምልክቱ የጠፋበትን ትክክለኛ ቦታ ከጂፒኤስ መሣሪያዎ ላይ አንብበው ይሙሉ» ይላል። ባዶውን ትቼ ባቀርበው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አልቀበልም አሉኝ፤ «አላውቀውም» ብዬ ብጽፍበት ደግሞ ያለበትን የማያውቅ አብራሪ መብረር የለበትም ተብሎ ፈቃዴ ታገደ። ቦታውን ፈጥሬ እንዳልጽፍ ሐሰት ነው፤ ነገሩን እንዳልተወው እንጀራዬ ነው። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ በየጠዋቱ እየደወለች መቼ እንደምመጣ ትጠይቀኛለች። አቅቶኛል፣ ክቡርነትዎ።

ሁለት እግሬን መሬት ላይ አጽንቼ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እየነሳሁ፣

ከሰማይ ያወረዱት አብራሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ለማስረከብ ሦስት ቀን ብመላለስ፣ ጸሐፊዎ «ወጣ ብለዋል» ከማለት በቀር የት እንዳሉ የሚያውቅ አልተገኘም። እባክዎ ያሉበትን ትክክለኛ ቦታ በተራ ቁጥር ሰባት ሞልተው ይላኩልኝ። ዛሬ ጠዋት ምጥ የያዛት ሌላ ሴት ጤና ጣቢያው ውስጥ ተኝታለች፤ ባሏም «አውሮፕላኑ ደረሰ?» እያለ አዋላጇን እየጠየቃት ነው።