ማሽኑ ዝም ስላለ የተዘጋው የባለቤቴ ፋይል

ለ፦ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ የካቲት 14

ጉዳዩ፦ ኤሌክትሪኩ አንጎሏ ሳይደርስ «አልሠራላትም» ተብሎ የተዘጋው የባለቤቴ ፋይል እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነኝ፤ ባለቤቴ አስተማሪ ናት። አምና ስትሮክ መትቷት አንደበቷ ተያዘ። ትሰማለች፣ ታነባለች፤ መናገር ግን አቃታት። በዚህ ምክንያት የአንጎል ማነቃቂያ ሕክምና ታዘዘላት። በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ስፖንጆች ጭንቅላቷ ላይ ታስረው አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል።

1. ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጮህ ነበር። ማሽኑን የሚያሠራው ባለሙያ «ኢምፒዳንስ ከፍ ብሏል» አለን፤ ኤሌክትሪኩ አላልፍ ብሏል ማለቱ ነው። ጥፋተኛው ፀጉሯ ነው ተባለና ተላጨች። አሁንም ጮኸ። ቆዳዋ ቅባት ይዟል ተብሎ እስኪቀላ በአልኮል ተፈተገች። አሁንም ጮኸ። ስፖንጁን ገልብጦ ያየ ግን አልነበረም። እኔ አየሁት። ጨው ጠርዙ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል፣ የስንቱ ሰው ፀጉር ተለጥፎበታል፣ ሽታው ያስመልሳል። ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ በዚያ ጫማዬንም አልጠርግበትም። ሽቦውም ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

2. በኋላ ባለሙያው መላ አገኘሁ አለ። የጨው ውሃውን በጆግ አናቷ ላይ አንቆረቆረው። ግንባሯም አንገቷም ልብሷም ራሰ፤ ማሽኑም ዝም አለ። «አዩልኝ ጋሼ፣ ለካ ጠምቶት ኖሯል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀጠሮ ሁሉ በዚሁ አለፈ።

3. ለውጥ ሲጠፋ ሐኪሟን ጠየቅኋቸው። ሳያፍሩ አስረዱኝ። ውሃው ሁለቱን ስፖንጆች ካገናኘ ኤሌክትሪኩ በቆዳዋ ላይ አቋርጦ ይሄዳል፤ ወደ አንጎል የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ማሽኑ ግን መንገድ ስላገኘ ዝም ይላል። «ታዲያ ይህ ምኑ ሕክምና ነው?» ብላቸው «እዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» አሉኝ። ወዲያው ብዕራቸውን አንስተው «ለሕክምናው ምላሽ የላትም» ብለው ጽፈው ፈረሙና ፋይሏን ዘጉት። ባዶ ሳህን አቅርቦ «አልበላም አለ» ብሎ እንደ መክሰስ ነው። ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ክቡር ሆይ፣ ያንን ወረቀት ራሷ አነበበችው። ቀደም ሲል ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ የልጃችንን ስም ለመጥራት ትታገል ነበር፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ልትይዝ ምንም አልቀራትም ነበር። አሁን አፏን ለመክፈት እንኳ አትሞክርም።

ስለዚህ ፋይሉ ተከፍቶ፣ ስፖንጁና ሽቦው በአዲስ ተተክቶ፣ ሕክምናው እንደ አዲስ እንዲሰጣት፣ ያም ጽሑፍ እንዲሰረዝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጥፋቱ የነሱ እንጂ ያንቺ አይደለም ብዬ ነግሬያታለሁ። ባሏ ስለሆንኩ ላጽናናት የምዋሽ ይመስላታል። እርስዎ ግን ማኅተም ያለዎት ሰው ነዎት። እባክዎ ያስጠሯትና በራስዎ አንደበት «ሕክምናውን አልሰጠንሽም» ይበሏት።

መልስዎን ቢሮዎ በር ላይ ከሚጠብቅ ሰው፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የታካሚዋ ባል፣ ቲኬት ቆራጩ