የኋላው ቤት ጥቀርሻ

ውድ ኢድዋል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ስለማይጀመር ነው። እናታችን ብትኖር «ታላቅ ወንድምሽን አክብሪ» ትለኝ ነበር። ስልሳ ዓመት አክብሬሃለሁ፤ ይበቃል።

ዳሌዬን ተቀይሬ ባንጎር ሆስፒታል ስተኛ ወይን ይዘህ ጠየቅኸኝ፤ ግንባሬን ስመህ «ቤቱን አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ» አልከኝ። በዚያው ሳምንት ቤት ጠጋኙን ቱዱርን አሸዋ ከሚተፋው ማሽኑ ጋር ቤቴ አስገብተህ የጣራዬን የኦክ እንጨቶች አስፋቅህ። ስመለስ ጣራዬ እንደተላጠ ድንች ነጥቶ ጠበቀኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ደግ ሥራ መስሎኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልልህ ደወልኩ።

ከአራት ቀን በኋላ የጠበቃህ ደብዳቤ መጣ። አባባ ሲናዘዝ «ትልቁ ቤትና በረቶቹ ለኢድዋል፣ የኋላው ቤት ለሜሬሪድ» ብሏል። አንተ ግን ግቢያችን ፕላስ ዌርን ውስጥ የኋላ ቤት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፣ እህቴ የምትኖረው በረት ውስጥ ነው ብለህ ጻፍክ። ግቢውን የሚገዛህ ሰው ትልቁን ቤት ሆቴል ሊያደርገው፣ የእኔን አፍርሶ መኪና ሊያቆምበት ነው አሉ። እኔ ታዲያ ምንህ ነኝ፣ ላምህ?

ልጆች ሳለን አባባ እሽኮኮ አድርጎ ያን ጣራ ያስነካህ ነበር። እጅህ ጠቁሮ ስትወርድ «ይሄ ጭስ ማውጫ ሳይታወቅ፣ እሳቱ መሀል ወለሉ ላይ ሲነድ የቀረ ጥቀርሻ ነው» ይልሃል። «በዕድሜ ታላቁ የኋላው ቤት ነው። የፊት ለፊቱ ትልቅ ቤት ከነረጃጅም መስኮቶቹ ለመንገደኛ ታይታ ተብሎ በኋላ የመጣ ነው።» ሁለቱ ቤቶች ጥግ ለጥግ ተነካክተው ሳለ መሀላቸው ለምን በር እንደሌለ የጠየቅኸውም አንተ ነህ። «ሁለት ወራሽ አንድ ጣራ ስር ሲነታረክ ከሚኖር፣ ለየራሱ በር ይኑረው ብለው ነው» አለህ። ስለዚህ አላወቅሁም አትበለኝ። ባታውቅ ኖሮ ይቅር እልህ ነበር፤ ያስፋቅኸው ግን ስለምታውቅ ነው።

እሁድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ ቱዱር ዓይኔን ሸሸ። በከዘራዬ እያነከስኩ ደረስኩበት።

«አንተ ሰው፣ ቤቴን ምን አድርግ ብሎ ነው ያዘዘህ?»

«በናትሽ እትዬ ሜሬሪድ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ላስደስታት ነው፣ ስጦታ ነው ብሎኝ እኮ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት አሮጌ ቤት ስትጠግን ኖረህ ጥቀርሻ ምን እንደሆነ ጠፋህ?»

አንገቱን ደፋ። «ከቁም ሳጥንሽ በላይ ያለው ጥግ አልተነካም» አለኝ። «የማሽኑ ቱቦ አጠረኝ። ሳጥኑን መግፋት ደግሞ ሰነፍኩ። ለኢድዋል ግን ጨርሻለሁ አልኩት።»

በሰው ስንፍና እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ የመንግሥት የቅርስ ባለሙያዋ አንጋራድ ጠርቻት መጣች። ልጅ እግር ናት። የተፋቀውን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች። ከቱዱር ጋር ሳጥኑን ገፉና እሷ መሰላል ላይ ወጣች፤ ስትወርድ ጣቷን አሳየችኝ፣ ከሰል መስሏል። «እትዬ ሜሬሪድ፣ ላም እሳት አታነድም» አለችኝ። የግቢው ጥንታዊ መኖሪያ ይኸው ነው፣ ያለ ፈቃድም አንድ ድንጋይ አይነሳም ብላ ጽፋ ፈረመች። ግልባጩ ነገ ጠበቃህ ዘንድ ይደርሳል።

ቤት መመኘትህ አይደለም ያንገበገበኝ። ቸግሮኛል ብለህ ብትመጣ ሻይ አፍልቼ አብረን አንድ ነገር እንፈልግ ነበር። ይህን በልብህ እያሰብክ ግንባሬን መሳምህ ነው። እሱ ከአንጀቴ አልወጣ አለኝ።

ስትመጣ በራስህ በር ግባ። መሀላችን በር እንደሌለ ታውቃለህ።

ከታች ያለው ጥቁር አሻራ ቆሻሻ እንዳይመስልህ። ሐኪሜ አይስማና፣ በአዲሱ ዳሌዬ መሰላሉን ወጥቼ አውራ ጣቴን ያ ጥግ ላይ አሳርፌ ነው የፈረምኩት። ከቻልክ ይሄንንም አስፍቀው።

እህትህ ሜሬሪድ፣
ከኋላው ቤት