ያንን ቃል ለማዳም እንዳትነግሪያት

ነፋስ ስልክ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለሐሚዳ፣ ካለሽበት ኩዌት፣

እማዬ፣ አሰላሙ ዓለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔም አክስቴ ሀኒፋም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሌላውን ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። በስልክ ያስተማርኩሽን እንግሊዝኛ ለማዳም እንዳትነግሪያት።

ባለፈው ስትደውዪ «ኮንትራቴ አልቋል፣ አገሬ ልግባ ስላት አረብኛዬን ያልሰማች ትመስላለች። እስቲ በእንግሊዝኛ ልሞክራት፤ ልቀቂኝ እንዴት ነው የሚባለው?» አልሽኝ። የማውቀውን ስለጠየቅሽኝ ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ቲቸር ሚሳኤል ሰሌዳው ላይ «ኢቪክት ማለት ማስለቀቅ» ብሎ ጽፎልን ነበር። አጎቴ ሃሩን ጣቢያ አድሮ በዋስ ሲወጣ ሁሉም ሰው «አስለቀቁት» ነበር ያለው፤ እኔ የማውቀው ማስለቀቅ እሱን ነው። ስለዚህ «ኢቪክት ሚ በያት» አልኩሽ። እየሳቅሽ ደጋገምሽው። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ አይሠራም።

ሰኞ ዕለት ቲቸር በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለን። እጅ እንደማላወጣ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን አወጣሁ። «ማዳም፣ እናቴን ኢቪክት አድርጊያት» የሚል በእንግሊዝኛ አነበብኩ።

ቲቸር መነጽሩን አውልቆ «እናትሽ ምን አድርጋሽ ነው?» አለኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ኢቪክት ሰውን ከሚኖርበት ቤት አስገድዶ ማስወጣት ነው፣ ዕቃውን ሜዳ ላይ መጣል ነው አለ። «የታሰረን ማስለቀቅስ?» አልኩት። ድምፄ ስላልተሰማ አጠገቤ የምትቀመጠው ቤተልሄም ደገመችልኝ።

«እሱማ ሪሊዝ ነው» አለ፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ይመስል። እንዲህ ቀላል ከሆነ ያኔውኑ ለምን አብሮ አልጻፈውም? አማርኛው አንድ ሆኖ እንግሊዝኛው ሁለት መሆኑን እኔ በምን ልወቅ?

ተናድጃለሁ እማዬ። አክስቴ እንዳትጽፊላት ብላኛለች፣ እኔ ግን እጽፈዋለሁ፤ እኛንም ቤቱን ልቀቁ ብለውናል። አከራያችን ጋሽ አስረስ «ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ክፍሉ ይፈለጋል» አሉ። ልጃቸው ስንቴ እንደሚያገባ እንጃ፤ ከእኛ በፊት የነበሩትንም ተከራዮች በእሱ ሠርግ ነው ያስወጧቸው። አክስቴ ከሀይሌ ጋርመንት ወዲያ ክፍል አግኝታ ዕቃ መጠቅለል ጀምራለች። እኔ አልጠቀልልም ብዬ ተኮራርፈናል። እኛን ልቀቁ ይሉናል፣ አንቺን ደግሞ አይለቁሽም። አንቺ የምታውቂው ይህን በር ብቻ ነው። ተባርረሽ ብትመጪ ማን ይከፍትልሻል?

ትናንት ጋሽ አስረስ ቧንቧው ጋ ውኃ ሲቀዱ አገኘኋቸውና «እናቴ ከመጣች የት እንደሄድን ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«አፍ አለሽ ለካ?» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ፖስታ ቤት ሆንኩልሽ?»

«ይንገሩልኝ» አልኩ እንደገና።

ባልዲያቸው ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን ዘጉ። «እሺ፣ ብቻ ትምጣ» አሉና አንሥተው ገቡ።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ሙፊዳ ትይዝልኛለች። እረፍቷን ጨርሳ ወደ ኩዌት መመለሷ ነው፤ ማዳም ቤት ድረስ አደርስልሻለሁ ብላኛለች። እስካሁን ለማዳም ካልነገርሻት «ሪሊዝ ሚ» በያት። «ፕሊስ»ንም ጨምሪበት። ነግረሻት ከሆነ ግን ምን እንደሚሆን አልጽፈውም።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ የማዳምን ልብ ያራራልሽ፣ በሰላም ያገናኘን። እማዬ፣ ሙፊዳ ስታንኳኳ በሩን አንቺ ክፈቺላት።

ልጅሽ ፌኔት