ለሆሬስ የማስተምረው ቃል

ይድረስ ለእህቴ ለላቪኒያ፣ ኦሪገን። ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አዮዋ ደህና ነን፤ በቆሎውም ደርሷል። እኔን ብቻ ከክረምት ጀምሮ ያልለቀቀኝ ሳል ይዞኛል።

በወፍጮ ቤቱ ሰገነት በሰባት ሰው የጀመርነው የወንድማማቾች ማኅበር ዛሬ የራሱ አዳራሽ አለው። አባል ሲሞት በመቃብሩ ላይ የስንብቱን ቃል በቃሌ የምለው እኔ አይደለሁ? አሁን ለጎረቤቴ ለሆሬስ እያስተማርኩት ነው፤ በማኅበሩ ሕግ በጽሑፍ ማስፈር ክልክል ነው። "ደህና ሁን ወንድማችን" የሚለው ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይቆረጣል።

"ጮክ በል እንጂ አንተ ሰውዬ! የሟች ሚስት መስማት አለባት" አልኩት። ባለቤቴ ፊቢ ድስቷን ጥላ ወጣች።

"እስቲ ፊትህን አዙርልኝ፤ እያየኸኝ አልችልም" አለኝ።

ወደ ግድግዳው ዞርኩለት። አንዲት ቃል ሳይስት ተወጣው።

በይ እህቴ፣ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ብቅ በይ። ፊቢም ሰው ያስፈልጋታል።

ናፋቂሽ ወንድምሽ ኦሪን