አራተኛውን ስጠብቅ

እህትዓለም፣

ጠፋሽ አትበይኝ፤ መጥፋቴን አውቀዋለሁ። ዛሬ ትምህርት ስለሌለ ከክፍል ልጆች ጋር ካርዱ ላይ የምታዪው የሰዓት ማማ ጫፍ ወጣን። ደረጃው አያልቅም። እላይ ስንደርስ የሰዓቱ ጠባቂ ሽማግሌ ሰዓቱ የሚሞላበትን የብረት እጀታ ወደ እኔ ዘርግተው "ትሞክሪዋለሽ?" አሉኝ። እጄ እየቋመጠ አፌ "ኧረ ይቅርብኝ፣ አላስቸግርዎት" አለ። "ግድ የለሽም፣ ነይ" እስኪሉኝ ስጠብቅ፣ ሰውዬው "እሺ" ብለው ከኋላዬ ላለው ልጅ ሰጡት! ልጁ እጀታውን አዙሮ ደወሉ ሲደወል ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔ ክው ብዬ ቀረሁ።

አገር ቤት፣ እኛ ሰፈር ቢሆን ሳይለምኑኝ መች ይተዉኝ ነበር እያልኩ ስነጫነጭ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የሄድኩ ዕለት ከስፌት መኪናሽ ተነስተሽ "ልሸኝሽ?" ያልሽኝ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቴም "ኧረ ተይ፣ ከሥራሽ አትቅሪ" አልኩሽ። አራተኛውን ስጠብቅ ተመልሰሽ ተቀመጥሽ። እኔም ይኸው ስምንት ወር ሙሉ አኮረፍኩሽ፤ ስልክሽን የማላነሳው ለዚህ ነበር። አንቺ ምን አጠፋሽ? ያልኩሽን አመንሽ እንጂ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ያቺን ነገረኛ አለቃሽንም ሰላም በይልኝ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ። "ልቀበልሽ?" ብለሽ ጻፊልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል።